የኖራው ዋሻ ሟች

ነጋዴው ኃይሉ የሞተው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ከቦት ነበር፤ ሲሞት ያየው ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ቦታው ከሆሳዕና ወደ ጃጁራ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ የሚገኘው የኖራ ድንጋይ ዋሻ ነው። አገረ ገዥው ባለፈው ዓመት ዙሪያውን አሳጥረው፣ ጽድና ጽጌረዳ አስተክለው፣ ለአፉ የእንጨት በር አሠርተው የሕዝብ መናፈሻ አድርገውት ነበር። እሑድ እሑድ የከተማው ሹማምንትና ነጋዴዎች ቤተሰባቸውን ይዘው በፋኖስ እየተመሩ ይጎበኙታል። ከጣሪያው ቁልቁል የተንጠለጠሉት ነጫጭ ድንጋዮች ቀልጦ ሲወርድ የደረቀ ሰም ይመስላሉ። ጉብኝቱ የሚያልቀው መጨረሻ ላይ ባለው ሰፊ አዳራሽ ነው። እዚያ መሪው ላምቤቦ ፋኖሶቹን ሁሉ ያስጠፋና በድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ድንጋዮቹን በዱላው መታ መታ ያደርጋቸዋል። ድንጋዮቹ እንደ ደወል ያቃጭላሉ። ሰው ሁሉ የሚመጣው ያንን ለመስማት ነው።

በዚያን እሑድ ከቃጭሉ በኋላ ሌላ ከባድ ድምፅ ተሰማ። አንዱ ክብሪት ጫረ። ኃይሉ በግንባሩ ተደፍቶ፣ ጋቢው በደም ርሶ ነበር። ሰው እየተረጋገጠ ወደ በሩ ሮጠ።

የሆሳዕና ዘበኞች አለቃ ባላምባራስ ወንዳፈረው በዚያን ቀን ፎንቆ ነበር፤ የከብት ሌቦች ሲያሳድድ። አዲስ አበባ በዘበኝነት ኖሮ ወደዚህ ከተሾመ ገና ዓመት አልሞላውም። ወሬው ደርሶት ጭቃውን እያቦካ ከተማ ሲገባ ማክሰኞ ሆኗል። ኃይሉ ተቀብሯል። የዋሻው ወለል በውሃ ታጥቦ ቄጤማ ተጎዝጉዞበታል። መሪው ላምቤቦ ደግሞ ገዳይ ተብሎ ከሟች ወንድም ከቸኮል ጋር በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝቷል፤ እንደ ደንቡ ከሳሽና ተከሳሽ ፍርድ እስኪሰጥ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ።

ወንዳፈረው ዋሻውን ማን እንዳሳጠበ ዘበኞቹን ጠየቀ። ግራዝማች ናቸው አሉት።

ግራዝማች ተክለ ሃይማኖት የመናፈሻው ኃላፊ ናቸው። በዕድሜም በማዕረግም ይበልጡታል፤ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። ጽጌረዳ ሲያስቆርጡ አገኛቸው።

«የክርስቲያን ደም ለውሻ ይተው ነው የምትለኝ?» አሉት። «ቄስ አስጠርቼ ጠበል አስረጭቻለሁ። ጆሮ ግንዱን በዱላ የመታው ነፍሰ ገዳይም ተይዟል። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?»

«ውስጡን ማየት እፈልጋለሁ፣ ግራዝማች።»

«ክረምቱ ገና አልወጣም፤ ውስጡ ያዳልጣል። ሰው ቢጎዳብኝ ተጠያቂው እኔ ነኝ።» ወገባቸው ላይ ያለውን ቁልፍ ነካ አደረጉና ወደ ጽጌረዳቸው ተመለሱ።

ወንዳፈረው ከዚያ ወደ እስረኞቹ ሄደ። ቸኮልና ላምቤቦ ከዘበኞች ቤት ጥግ፣ ሰንሰለታቸው በመሐላቸው ተዘርግቶ ጀርባቸውን ተሰጣጥተው ተቀምጠዋል። ቸኮል ሳይጠየቅ ጀመረ። የወንድሙ በቅሎዎች ባለፈው በጋ የላምቤቦን እንሰት ረጋግጠውበት ነበር። ላምቤቦ ዳኛ ፊት ቀርቦ ተረታ። ፋኖሶቹን ያስጠፋው እሱ ነው፤ ዱላው ላይ ደም ተገኝቷል። ከዚህ በኋላ ምን ቀረ?

ወንዳፈረው ወደ ላምቤቦ ዞረ። ላምቤቦ የሀዲያ ገበሬ ነው፤ ዋሻው ያለው አያቶቹ ከብት ያስጠለሉበት መሬት ላይ ስለሆነ መሪነቱን የሰጡት ለእሱ ነው።

«ደሙ ከየት መጣ?»

«ላነሣው ስል ነካኝ፣ ጌታዬ።»

«አንተ ነህ የመታኸው?»

ላምቤቦ መሬት መሬቱን እያየ «እኔ ሰው አልመታሁም» አለ። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልወጣውም። ወንዳፈረው ተቆጣ፣ ለመነ፣ በአስተርጓሚም ጠየቀ። ሰውዬው ንጹሕ ከሆነ ለምን እንደማይናገር ሊገባው አልቻለም፤ ብሽቀቱን ይዞ ወጣ።

አገረ ገዥው በማግስቱ አስጠሩት። ከመስቀል በኋላ ከአዲስ አበባ ፈረንጅ እንግዳ ዋሻውን ሊጎበኝ እንደሚመጣ፣ ጉዳዩ ከዚያ በፊት እንዲያልቅ ነገሩት። የተያዘ ሰው አለ፤ ምርመራውን ማንዛዛት አያስፈልግም።

ወንዳፈረው ግን እዚያ የነበሩትን አንድ በአንድ ይጠይቅ ጀመር። አንዱ ኃይሉ በቀኜ ቆሞ ነበር ሲል ሌላው በግራዬ ነበር ይላል። አንዷ ድምፁ እንደ ጥይት ነበር ስትል ባሏ እንደ ጆንያ አወዳደቅ ነበር ይላል። ሁሉም የተስማሙበት ነገር አንድ ነበር፤ ከኃይሉ አጠገብ የቆመው ብሩ ነው።

ብሩ የኃይሉ የንግድ ሸሪክ ነበር። ጃጁራ ገበያ ላይ ባለው የሱቃቸው ቦታ ተጣልተው ነገራቸው በሽማግሌ ተይዟል። ከኃይሉ ሞት ወዲህ ብሩ ሆሳዕና አልታየም። ወንዳፈረው የሚፈልገውን ያገኘ መሰለው። በገበያ ቀን ጃጁራ ወርዶ ብሩን ከጨው ክምሩ ኋላ አገኘው። ብሩ አጭር፣ ደረቱ ሰፊ ሰው ነው። ጋቢው ላይ የደም ምልክት ነበር፤ አልደበቀውም።

«ተጣልተናል፤ እውነት ነው» አለ። «ግን ያን ጊዜ ሁለቱም እጆቼ ተይዘው ነበር። ባለቤቴ ጨለማ አትወድም። ፋኖሱ ሲጠፋ ሁለቱንም እጄን ጨብጣ ያዘችኝ፤ ክብሪቱ እስኪጫር አለቀቀችኝም።»

ሚስቱ እህተማርያም ያንኑ ቃል ደገመች። የሚስት ምስክርነት ምን ያህል እንደሚያዋጣ ወንዳፈረው ያውቃል፤ ሊያስረው ግን በቂ ነገር የለውም። ዝናብ እየወረደበት ባዶ እጁን ተመለሰ። መንገዱን ሙሉ የተቀመጠባትን በቅሎ ያለጥፋቷ ይቆጣት ነበር።

ወደ ሟች ቤት የሄደው ሌላ የሚሄድበት ስላጣ ነው። የኃይሉ ሚስት እልፍነሽ ጥቁር ለብሳ፣ ፀጉሯን ተላጭታ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። ለቅሶ የሚደርሱ ሰዎች እስኪወጡላት ጠበቀ። ቁስሉን ያየችው እንደሆነ ጠየቃት።

«ገላውን ያጠብኩት እኔ ነኝ» አለችው። «አናቱ ላይ ነው። መሐል አናቱ ላይ።»

ወንዳፈረው ጆሮውን ማመን አቃተው። ግራዝማች ጆሮ ግንዱን ተመቶ ነው ብለውት ነበር። ኃይሉ በከተማው የታወቀ ረጅም ሰው ነው፤ በየቤቱ ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። ብሩ ብብቱ ሥር ነው የሚደርሰው። ላምቤቦም ቢሆን ከትከሻው አያልፍም። ረጅሙን ሰው በጨለማ መሐል አናቱን የሚመታ ሰው ከየት ይመጣል?

«ሌላስ ያየሽው ነገር ነበር?»

«ፀጉሩ ውስጥ ነጭ ዱቄት ነበር፤ አሸዋ አሸዋ የሚል። ለግራዝማች ብነግራቸው የዋሻው አቧራ ነው አሉኝ።» ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። «እግዜር ይስጣቸው፤ ሰው ሁሉ ሲሮጥ አስከሬኑን ሳይተው የጠበቁት እሳቸው ናቸው። ከአሽከራቸው ጋር ብቻቸውን።»

ይህንን ማንም አልነገረውም ነበር። ማን የት እንደቆመ ሲጠይቅ ከርሞ፣ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ማን እንደቀረ አለመጠየቁ አናደደው።

ወደ ዋሻው ለመግባት አንድ ዘዴ ብቻ ነበረው። ለአገረ ገዥው ለእንግዳው ደኅንነት ሲባል ውስጡን ማየት እንዳለበት አመለከተ። ለእንግዳው ሲባል ተፈቀደ። ግራዝማች ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ተናግረው በሩ ላይ ቀሩ፤ አሽከራቸውን አስከተሉት።

አዳራሹ ወለል ላይ ምንም አልነበረም። ታጥቧል፣ ተጠርጓል። ወንዳፈረው ተስፋ ቆርጦ ሊወጣ ሲል ፋኖሱን ከፍ አደረገ። ጣሪያው ዙሪያውን ነጭ ነው። ኃይሉ ቆሞበታል ከተባለው ቦታ በላይ ግን አንድ ጥቁር ጥላሸት አለ፣ የምጣድ ቂጥ የመሰለ። የጉብኝቱ ፋኖሶች እዚያ ብቻ የሚያጤሱበት ምክንያት አልታየውም። መቃ አስመጥቶ ጫፉ ላይ እርጥብ ጨርቅ አሰረና ጠረገው። አሽከሩ ባላምባራስ ይቅርብዎት፣ ውሃ ይወርድብዎታል ይለዋል።

ጥላሸቱ ሲለቅ የተሰበረ ድንጋይ ጉቶ ታየ። ግማሹ ሸካራ ነው። ግማሹ ግን ልስልስ ሆኖ፣ ቀጫጭን መስመሮች ጎን ለጎን ተሰምረውበታል። ወንዳፈረው እንዲህ ያለ መስመር ያየው በመጋዝ በተሰነጠቀ ሳንቃ ላይ ነው። የወደቀውን ድንጋይ ያነሡት፣ ጥላሸቱንም የቀቡት ሰው ሁሉ ሲሮጥ የቀሩት ሁለቱ እንደሆኑ ገባው።

ፋኖሱን ይዞ ዞረ። ከመተላለፊያው በላይ፣ ጎብኚ ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ በሚቆምበት ቦታ፣ ከሁሉም የሚያምረው ትልቁ ድንጋይ ተንጠልጥሏል። አንገቱ ላይ ያው ጥላሸት አለ። ሲጠርገው የመጋዙ አፍ የገባበት ስንጥቅ ታየ።

በሩ ላይ የጠበቁትን ግራዝማችን እጅ ነሥቶ አለፈ። በሆሳዕና ትልቅ መጋዝ ያለው አንድ አናጢ ብቻ ነው፤ የዋሻውንም በር የሠራው እሱ ነው። ስሙ ወልደ ሰንበት ይባላል። ቤቱ ተዘግቶ አገኘው። ጎረቤቶቹ ኃይሉ በተቀበረ ማግስት ሥራ አግኝቶ ፎንቆ ሄዷል አሉ። ፎንቆ ሲደርስ ወደ ሀደሮ ተሻግሯል አሉት። ወንዙ ሞልቶ ስላደረ ከዳሩ ቁጭ ብሎ መጉደሉን ጠበቀ። መስቀል እየቀረበ ነው፤ ላምቤቦ በሰንሰለት ነው፤ እሱ ደግሞ ጭቃ ላይ ተቀምጦ ውሃ ያያል።

ሀደሮ የቤተ ክርስቲያን መስኮት ሲገጥም አገኘው። ወልደ ሰንበት ወንዳፈረውን ሲያይ መዶሻውን አስቀመጠ፤ ሳይጠየቅም የመጣበትን አወቀ። ከእንጨቱ ክምር ጀርባ ወስዶ ሁሉንም ነገረው። ፈረንጁ እንግዳ የዋሻውን ድንጋይ ወደ አገሩ መውሰድ ይፈልጋል ተብሎ ግራዝማች ሁለቱን እንዲቆርጥ አዘዙት። መሰላል ላይ ወጥቶ ሁለቱንም እስከ ግማሽ ገዘገዘ፤ መጋዙ ተሰበረ። ሌላ መጋዝ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሰው እንዳያስገቡ ነገራቸው።

«ምን አሉህ?»

«ስንት ዘመን የተንጠለጠለ ድንጋይ በሁለት ሳምንት አይወድቅም አሉኝ።»

«ይህንኑ ለዳኛ ትናገራለህ።»

ወልደ ሰንበት ራሱን ነቀነቀ። «ግራዝማች አበልጄ ናቸው። ልጄን ክርስትና ያነሡ፣ ቦታም የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ለእርስዎ ነግሬያለሁ፤ ሕሊናዬ ስላስጨነቀኝ ነው። ዳኛ ፊት ግን አላውቅም እላለሁ፣ ባላምባራስ። ቢያስሩኝም አላውቅም እላለሁ።»

ወንዳፈረው ለመነው፣ አስፈራራው፤ ሰውዬው እያለቀሰ እምቢ አለ።

ሆሳዕና ሲመለስ እንግዳው በማግስቱ እንደሚገባ ሰማ። ቤቱ ሳይደርስ በቀጥታ ወደ አገረ ገዥው ግቢ ሄደ። ግራዝማች ከጎናቸው ተቀምጠዋል። ያየውን ሁሉ ተናገረ። ምስክሩ ማን እንደሆነ ሲጠየቅ የሚክደውን አናጢ ስም አላነሣም፤ ድንጋዩን መጥታችሁ እዩ አለ።

ግራዝማች ድምፃቸውን ሳይለውጡ የባላምባራስ ድካም እንደሚታያቸው፣ ጥላሸቱም የፋኖስ ጭስ እንደሆነ ተናገሩ። አገረ ገዥው እንግዳው ከሄደ በኋላ እናየዋለን አሉ።

«ጌታዬ፣ ድንጋዩ የሚወድቀው እንግዳው ላይ ሊሆን ይችላል። ዋሻው ይዘጋ።»

«አይዘጋም። ተሰናበት።»

ወንዳፈረው ከግቢው ወጥቶ ቆመ። ያ የተንጠለጠለው ትልቅ ድንጋይ ዋናው ማስረጃው ነው። እንደተንጠለጠለ ቢቆይና ከአዲስ አበባ ዳኛ ቢመጣ ማንም ሊክደው አይችልም። ነገር ግን ነገ ከሥሩ ሰው ይቆማል፤ የከተማውም ልጆች እንግዳውን ሊያዩ ተከትለው ይገባሉ። ካወረደው ደግሞ ተንጠልጥሎ የነበረ ለመሆኑ ከእሱ ቃል ሌላ ምን ይቀራል? ሲወድቅ የሟች ወንድም በዓይኑ ይየው ብሎ ወዲያው ሁለቱን ቁራኞች እንዲያመጡለት አዘዘ።

የዋሻውን ቁልፍ አልጠየቀም፤ በሩን አስገነጠለው። ቸኮልና ላምቤቦ ሰንሰለታቸውን እየጎተቱ ገቡ። እዚያ ሲደርሱ ወንዳፈረው የተሰበረውን ጉቶ አሳያቸውና ላምቤቦን ተመለከተ።

«ያን ቀን በዱላህ የመታኸው ምኑን ነው?»

ላምቤቦ ወደ ጉቶው አፍጥጦ መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ ቸኮልም በሰንሰለቱ ተስቦ አብሮት ተቀመጠ።

«ይኸን ድንጋይ ነው የመታሁት» አለ። «ሁልጊዜ እሑድ እመታዋለሁ፤ ይጮኻል እንጂ ወድቆ አያውቅም። እኔ የገደልኩት መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት። እጄ ነው የገደለው ብዬ።»

«እጅህ አይደለም። በመጋዝ ተገዝግዞ ነበር። አንተ ደግሞ አታውቅም።»

ወንዳፈረው ሁሉንም ወደ ግድግዳው አስጠጋ። ረጅም አጠና ለላምቤቦ ሰጠው። ላምቤቦ ከርቀት ትልቁን ድንጋይ መታው። አቃጨለ። ደግሞ መታው። ሦስተኛው ላይ ቃጭሉ ተቆርጦ ድንጋዩ ወረደ፤ መሬቱ ከእግራቸው ሥር ተናወጠ፤ ነጭ ዱቄት ፋኖሱን ሸፈነው።

መጀመሪያ የተጠጋው ቸኮል ነበር። የድንጋዩን አንገት በመዳፉ ደባበሰው፤ ልስልሱን ጎን፣ ከዚያ ሸካራውን። ፀጉሩ ላይ የወረደውን ነጭ ዱቄት በጣቱ አሻሸው።

ድንጋዩ ከባድ ስለሆነ ወንዳፈረው በዚያው ትቶ ሁለት ዘበኞች አቆመበት። በማለዳ ሰው ይዞ ሲመለስ ዘበኞቹ የሉም፤ ከግቢው በመጣ ትእዛዝ ተነሥተዋል። ድንጋዩም የለም፤ የጣሪያው ጉቶዎችም በመዶሻ ተቀጥቅጠው መስመራቸው ጠፍቷል። ፍለጋ ወጥቶ የእንግዳ ማረፊያው ጓሮ ደረሰ። ሠራተኞች ነጭ ድንጋይ በመዶሻ እየፈጩ ለግድግዳው ቀለም በውሃ ይበጠብጣሉ። ከየት እንዳመጡት ቢጠይቃቸው የግራዝማች አሽከር አምጥቶ ጣለልን አሉት። ከቀሩት ቁርጥራጮች መሐል ልስልስ ፊት ያለው ፈለገ። አንድም አላገኘም። ወንዳፈረው ጭቃው ላይ ተቀመጠ፤ ሠራተኞቹ አፍረው ፊታቸውን አዞሩ።

እንግዳው ከሄደ በኋላ ነገሩ ቶሎ አለቀ። አገረ ገዥው ለፍርድ በተሰየሙበት ቸኮል ተነሥቶ ክሱን እንዳነሣ ተናገረ። ምክንያቱን ሲጠይቁት ድንጋይ ሲወድቅ አይቻለሁ፣ ይህ ሰው ወንድሜን አልገደለም አለ። ማን ገደለው ሲሉት እሱን አላውቅም አለ፤ ግራዝማችን ላለማየት አንገቱን ደፍቶ ነበር። ሰንሰለቱ ተፈታ። የኃይሉ ሞት የእግዚአብሔር ሥራ ነው ተብሎ ተቆረጠ። ወንዳፈረው የመንግሥትን በር ሰብሮ፣ የመናፈሻውን ጌጥ አውርዶ በማጥፋቱ ሹመቱን ለቅቆ ወደ አዲስ አበባ እንዲመለስ ታዘዘ። ከውጭ ቸኮልን አግኝቶ የተናገርከው ግማሹን ነው አለው። ቸኮልም ልጆች አሉኝ ብሎ መለሰለት። ላምቤቦ የወንዳፈረውን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል ከለከለው፤ ምስጋናው አቃጠለው።

ጭነቱን ሲያስጭን እልፍነሽ መጣች። ብቻዋን ነበረች።

«ባላምባራስ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ» አለች። «ሰው ሁሉ ድንጋይ ነው ይለኛል። ድንጋዩን ማን ቆረጠው?»

ወንዳፈረው ዙሪያውን አየ። ዘበኞቹ ይሰማሉ፤ የሚያደርሰውም ወሬኛ አይጠፋም። ሹመቱ ሄዷል። አዲስ አበባ ግን ሌላ ሥራ ሊያገኝ ይችላል፣ አፉን ከዘጋ።

«ያስቆረጡት ግራዝማች ተክለ ሃይማኖት ናቸው» አላት። «ሰው እንዳይገባ ተነግሯቸው ነበር። ምስክር የለኝም። የነበረኝ ማስረጃም ግድግዳ ተቀብቶበታል።»

እልፍነሽ አመስግናው ሄደች። እሱም ጭነቱን ማጥበቅ ቀጠለ። ብዙም ሳይቆይ ከአገረ ገዥው ግቢ በኩል የሴት ድምፅ ተሰማ፤ አቤት፣ አቤት፣ የባሌ ደም ይጮኻል የሚል። ዘበኞቹ ሥራቸውን አቁመው አዳመጡ። ወንዳፈረው ድምፁ ይቆማል ብሎ ጠበቀ፤ አልቆመም። መንገዱ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው በግቢው በር በኩል ነው።

በሩ ጋ ሲደርስ እልፍነሽ ከተዘጋው ሳንቃ ፊት ቆማ ነበር። አላፊ አግዳሚው ራቅ ብሎ ያያታል፤ የሚጠጋት የለም። ወንዳፈረው በቅሎዋን ወደ ፊት ነዳ፤ ጥቂት ሄዶ አቆማት። ብዙ ጊዜ አንገቷን እያሻሸ ቆየ። ከዚያ ወረደ። ጭነቱ እንዲራገፍ አዘዘ፣ ጋቢውን አደግድጎ ከጎኗ ቆመ።

«ምስክር የለኝም አላሉም ነበር?» አለችው ፊቷን ሳታዞር።

«አንድ አለ» አላት። «እኔ ራሴ።»

በሩ በዚያን ቀን አልተከፈተላቸውም። በማግስቱም እዚያው ቆሙ።